መነጽሩን ያጣመመው እጅ

ከጋፋት በታች፣ ደብረ ታቦር
ታኅሣሥ ፲፰ ቀን

ለቤቴ ዓይን፣ ለልጅ ልጄ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ያ የስፌት መኪና ስትረግጪው የሚያብጠው ቁርጭምጭሚትሽስ እንዴት ሆነ? የባሕር ዳር ወበቅ እንቅልፍ ይሰጥሻል? እኔ ከወገቤ በላይ ሽማግሌ፣ ከወገቤ በታች አሮጌ ወንበር ከመሆኔ በቀር፣ ክብሩ ይስፋና፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ሲታጠፍ እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ይጮኻል፤ ተደብቆ የሚያማኝ ሰው እኔ ከመድረሴ በፊት ወሬ ይለውጣል። ላሚቱ ወልዳለች። ጥጃዋን በአንቺ ስም ልጠራት እያሰብኩ ሳለ፣ ገና ሳትጠባ እናቷን ስትረግጥ አየኋትና ስሙስ ራሱ መጥቶባታል አልኩ።

ፊደሌ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድብሽ ቀኝ ዓይኔን ውቀሺ። ግራው እንኳ ሞራው ከጋረደው ሦስት ዓመቱ ነው፤ ይህንንም ከአንቺና ከባልንጀራዬ ከዘውዱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለሌላው ሰው ሁለቱም ደከሙ እያልኩ ነው የማወራው። በስልክ ብናወራ ይሻል ነበር፤ ኔትወርኩ ግን ከጠፋ ሰነበተ። ጎረምሶቹ ጉብታ ላይ ወጥተው ስልካቸውን ወደ ሰማይ ሲዘረጉ ምሕላ የያዙ ይመስላሉ። ስለዚህ ደብዳቤውን በቅቤ ነጋዴዋ እጅ፣ በበሶው ከረጢት ሥር ላክሁት። ከአንቺ በቀር ማንም አያየውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ቢሆንም አንዲት ነገር አልጽፍም። የትኛዋን እንደሆነ አንብበሽ ስትጨርሺ ታውቂያታለሽ።

ፈርቻለሁ፣ ልጄ። ዕድሜ ልኩን ሲቀልድ የኖረ ሰው ፈራሁ ሲል ማን ያምነዋል? ለጎረቤታችን ለጌጤ ፈርቻለሁ ብላት፣ «ምነው፣ ሚስት ሊድሩልዎ ነው እንዴ?» ብላኝ እየሳቀች ሄደች። ከበሯ ስትደርስ ግን ዞር ብላ አየችኝ። ያ ዞር ማለቷ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ነገሩን ከጫፉ ልያዝልሽ። አንቺ ያን ጊዜ ባሕር ዳር ነበርሽና አታውቂውም።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ረቡዕ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ዋልልኝ አውድማው ላይ ቆሞ ገብስ ሲያሳፍስ ከማዶው ሸንተረር ተተኮሰበት። ስለ ዋልልኝ ለአንቺ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። የእህትሽን የፋሲካን ዕድሜ በወረቀት ላይ አራት ዓመት አሳድጎ ዓረብ አገር የላካት ደላላ ነው። በሰኔ በሳጥን መጣች። ሳጥኑን አትክፈቱ አሉን፤ አልከፈትንም። አንቺም ከዚያው አገር ተመልሰሽ፣ ሻንጣሽን እንኳ ሳትፈቺ ነበር የቀበርናት። ሴቱ ሁሉ ሲያለቅስ አንቺ አላለቀስሽም። ዋልልኝ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ተነሥተሽ ውኃ ሰጠሽው፤ እስኪጠጣም ድረስ ቆመሽ አየሽው። እኔ መፍራት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ አልፈራሁም።

ጥይቱ ቀኝ ጭኑን በጎን በኩል በሳው። አጥንት ስላልነካ ተረፈ።

እኔ ከሰኞ ጀምሮ ወንዛዬ ፍል ውኃ ጉልበቴን ልነክር ከዘውዱ ጋር ወርጄ ነበር። የተመለስነው ሐሙስ ነው። ቤቴ እንደ ተውኩት ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ አላማረኝም። ከጎታው ሥር በዳባ ጠቅልዬ ያኖርኩት አሮጌው ምንሽር ጠመንጃዬ በቦታው አለ፤ ገመዱን ግን እኔ ዘወትር እንደ በሬ ቀንበር ነው የማስረው፤ ያገኘሁት ቋጠሮ ትንሽ፣ ጥብቅ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተሸጎጠ፣ ልክ የልብስ ሰፊ ቋጠሮ ነው። ከላዩ የነበረው የዒላማ መነጽርም የለም። አይጥ ናት አልኩ። ትንሽ ቆይቼ አይጥ ቋጠሮ እንደማትቋጥር ትዝ አለኝና በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ አልተነሣሁም።

ዓርብ ጧት አያ ይሻው መጡ። የደብሩ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። አብሯቸው ማሩ አለ፤ የዋልልኝ ታናሽ ወንድም፣ ያ ሲስቅ እንኳ ጥርሱን የሚቆጥብ። በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አስቀመጡ። ሳይፈቱት በክብደቱ አወቅሁት። ሸንተረሩ ላይ ከድንጋይ መካከል ወድቆ ነው ያገኙት። «አንቱ በንጉሡም በደርግም የጦር ግምጃ ቤት ጠጋኝ ነበሩ» አሉኝ አያ ይሻው። «ይህን ማን እንደ ሠራው ይንገሩን። ሠሪው ከታወቀ የመጣበት ይታወቃል፤ የመጣበት ከታወቀ ባለቤቱ ይታወቃል።»

እኔም እንደ ልማዴ፣ «መነጽር እንደ ሰው ነው፤ አባቱን ለማወቅ ልብሱን አውልቆ ማየት ነው» ብዬ ቀለድኩ። ማንም አልሳቀም።

አየሽ፣ ዓይኔ ሲደክም በጥፍሬ ማንበብ ለምጃለሁ። የአውራ ጣቴን ጥፍር በብረቱ ላይ ሳሄደው የተቀረጸው ይነግረኛል። የሩሲያ ከሆነ ኮከብ ወይም በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀስት፣ ከጎኑም ዓመተ ምሕረቱ አለ፤ ሩሲያ የተወለደበትን ቀን አይደብቅም። የአሜሪካ ከሆነ እንደ ነጋዴ ሁሉን ነገር ጽፎ ይጨርሳል። ይህ ግን ሦስት ትንንሽ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው ያለው። የጀርመን ነው። በዚያ በትልቁ ጦርነት አውሮፕላን ፋብሪካቸውን ፈልጎ እንዳይደበድብ ስማቸውን ትተው ሦስት ፊደል ብቻ ይመቱ ነበር። ቁጥሩን ከመዝገብ ጋር ያስተያየ ሰው ብቻ የትኛው ከተማ፣ የትኛው ቤት እንደ ሠራው ያውቃል። እኔ ያን መዝገብ በቃሌ ነበር የማውቀው። ከፊደሉ አጠገብ ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለች፤ ውስጡ የተቀባው ቅባት ብርድ እንደማያደርቀው ምልክት ናት።

ይህን ሁሉ ነገርኳቸው፤ እውነት ነበር። «ሠሪው ስሙን የደበቀ ነው» አልኳቸው። «ሠሪው ቢደብቅ እኛ ደግሞ የተኮሰውን እናወጣለን» አለ ማሩ።

እየተናገርኩ ጥፍሬ ወደ ፊተኛው ቀለበት ደረሰ። ከሥሩ ስስ የቆርቆሮ ቁራጭ አለች። ያቺን ቁራጭ የማስገባው እኔ ነኝ እንጂ ጀርመን አይደለም። ስለ ቁራጯ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ፤ እስከ ዛሬ ከአንቺም ደብቄሻለሁና ይቅር በይኝ።

ማሩ ግን የሚያየው ሌላ ነበር። ዓይን የሚገባበት ጫፍ ላይ የተሰፋውን የቆዳ ከለላ እየዳበሰ፣ «ይህ የፈረንጅ ስፌት አይደለም» አለ። «ደግሞ ለአፍንጫ ማስገቢያ የተቆረጠው በቀኝ በኩል ነው። በቀኝ ዓይኑ የሚያይ ሰው አፍንጫው በግራ ነው የሚውል።» አያ ይሻው አሰቡና፣ «በግራ ዓይኑ የሚያልም ሰው ነዋ» አሉ። ማሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔም፣ «በዚህ ደብር ግራ ዓይን የሌለው ማን አለ? ሁላችሁንም ይሰሯችሁ» አልኩ። ይህኛው ትንሽ አሳቃቸው። እነሱ ሲወጡ ግን ሁለት እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ያዝኳቸው።

ያን ቆዳ ማን እንደ ሰፋው፣ በዚያ መነጽር እያየች ገብስ ከዝንጀሮ ትጠብቅ የነበረች የየትኛዋ የስምንት ዓመት ልጅ አፍንጫ ልክ እንደ ሆነ እዚህ አልጽፍም። አፍንጫሽን ዳበስ አድርጊው፤ ይበቃል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። አንቺ ከተማና ዓረብ አገር ስለ ኖርሽ አይተሽው አታውቂም። ዳኛ ርቆ፣ ምስክር ጠፍቶ፣ ሰው ሲበደል አባቶቻችን የሚያደርጉት ነው። የደብሩ ሰው በሙሉ ከወይራው ሥር ይሰበሰባል። ስሙ እስኪወጣ አጨዳ የለም፣ ውቂያ የለም፣ ገበያ መውረድ የለም። ሦስት ሰዎች ወፍ ሆነው ይመረጣሉ፤ መስቀል መትተው ይምላሉ። እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ ከቅጽሩ ጀርባ ወደ አንዱ ወፍ ሄዶ የሚያውቀውን በጆሮው ይነግረዋል። ወፉ የሰማውን ስም ለጉባኤው ይዘምራል፤ ማን እንደ ነገረው ግን እስኪሞት አይናገርም። ከሦስቱ ወፎች አንዱ ዘውዱ ሆኖ ተመረጠ። ሰባ ስምንት ዓመቱ፣ ጥርስ የለው፤ ወፍ ሳይሆን ጫጩት ነው ብዬ ሳቅሁበት።

ከዚያ እርግማኑ መጣ። አያ ይሻው ቆመው፣ «አይቶ የሸሸገ፣ ሰምቶ የዋጠ፣ እህሉ ገለባ ይሁን፣ ላሙ ደም ትታለብ፣ ዘሩ መሬት አይያዝ!» አሉ። ሁላችንም «ይሁን!» ማለት አለብን። ዝም ያለ ሰው ራሱን ያጋለጠ ነው። እኔም አልኩ። ዘሩ አይያዝ ሲሉ ይሁን አልኩ፣ ልጄ። ዘሬ ማን ናት? አንዷ መሬት ውስጥ ናት። የቀረችኝ አንዲት ናት። አፌ «ይሁን» ሲል ልቤ «አይሁን፣ አይሁን» ይል ነበር፤ እግዚአብሔር የትኛውን እንደ ሰማ አላውቅም።

ያን ቀን ስም አልወጣም። ሰዉ እየተጉረመረመ ተበተነ፤ ገብሱ ሜዳ ላይ ነው፣ ሰማዩም ደመና ቋጥሯል። ጌጤ በመንገድ ተጠግታ ስትሄድ በለሆሳስ፣ «ረቡዕ ጧት ከአስፋልቱ አንዲት ሴት ስትወርድ አይቻለሁ፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተሸፍናለች» አለችኝ። «ለወፉ ነገርሽ ወይ?» አልኳት። «ያየሁት ነጠላ ነው፤ ነጠላ ስም የለውም» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ነገ ግን ያስምሉኝ ይሆናል፣ አባባ፤ እኔም ልጆች አሉኝ» አለች። እውነቷን ነው። ማንም ሰው በሌላ ሰው ልጅ ፋንታ የራሱን አያስረግምም።

ሌሊቱን ሙሉ ጭን ስለካ አደርኩ። አትሳቂ። የዋልልኝን ጭን ነው። ከሸንተረሩ እስከ አውድማው ሁለት መቶ ሃያ እርምጃ ይሆናል። መነጽሬ በዚያ ርቀት ስንት ወደ ግራ፣ ስንት ወደ ታች እንደሚስት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከቁስሉ ተነሥቼ ወደ ላይና ወደ ቀኝ መልሼ ስለካው፣ ያ የተኮሰ ሰው የመነጽሩን የማነጣጠሪያ መስቀል ያሳረፈው የት እንደ ነበር ደረስኩበት። መሐል ደረቱ ላይ ነው። እጁ አልተንቀጠቀጠም። አስፈራርቶ ሊተው የፈለገ ሰው አይደለም። ያን ጊዜ ከማሩም፣ ከእርግማኑም ይልቅ ያን የተኮሰውን ሰው ፈራሁት። ከዚያ ደግሞ አሳዘነኝ።

ሰኞ ተራዬ ሲደርስ ከቅጽሩ ጀርባ ወደ ዘውዱ ሄድኩ። ደንቡ እንደሚያዘው፣ እንደማያውቀኝ ሰው፣ «የምታውቀውን ንገረኝ» አለኝ።

«የዚህ ነገር ባለቤት እኔ ነኝ» አልኩት።

መነኩሴ እንደ ሰደበው ሰው አፈጠጠብኝ። «አንተ ቀጣፊ! ረቡዕ ዕለት ወንዛዬ እንደ ድንች ስትቀቀል ከጎንህ የነበረው ማን ነው? ሱሪህን ደብቄብህ፣ ሴቶቹ እስኪሄዱ ከውኃው መውጣት ያቃተህ አንተ አይደለህም?»

«ወፍ ነህ» አልኩት። «ወፍ የሰማችውን ትዘምራለች እንጂ ያየችውን አትመሰክርም። ምለሃል። እኔ ማክሰኞ ማታ ተመልሻለሁ፣ አንተ ቀርተሃል። አለቀ።»

ዘውዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ቀጥሎ፣ «ማን ናት?» አለኝ። ማን ነው አላለም። ሽበታም ጢሙ ላይ እንባው ሲወርድ አይቼ፣ «ዝናብ መጣ ብለው ገብሱን ሊሰበስቡ ይሮጣሉ፤ ጥረገው» አልኩት።

ወፉ ስሜን ሲዘምር ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ ነፍሴን አሳልፌ ልሰጥ ቆሜ ይሳቅብኛል! «እሳቸው እኮ ባለፈው የኔን በሬ ሰላም ብለውታል!» አለ አንዱ። እውነቱን ነው፣ ብያለሁ። በሬው ግን ከሱ የተሻለ መለሰልኝ። ማሩ ብቻ አልሳቀም። «ዓይንዎ አያይም፤ ማንን ለማዳን ነው?» አለኝ።

እኔም ከቤት ይዤው የመጣሁትን ምንሽሬን ከዳባው ፈትቼ አወጣሁ። መነጽሩን ሰጡኝ፤ በቦታው ገጠምኩት፤ እንደ ቁልፍ ገባ። ሁለት የገብስ ጆንያ አስመጥቼ ጠመንጃውን አሳረፍኩበት። የኋላውን መዝጊያ መዝዤ አያ ይሻውን፣ «በባዶው አፈ ሙዝ ውስጥ አሻግረው ይዩና ማዶ ያለችው ደረቅ ኮሶ መሐል ላይ እስክትውል ያስተካክሉልኝ» አልኳቸው። አስተካከሉ። «አሁን ማንም ሳይነካው በመነጽሩ እንይ። ደህና መነጽር ቢሆን እሱም ያቺኑ ኮሶ ማየት ነበረበት።»

ቀድሜ የተጠጋሁት እኔ ነኝ። ማሩ ከጎኔ ተንበርክኮ ዓይኖቼን ያያል። ቀኙን ጨፈንኩ። ግራ ዓይኔን ቆዳው ላይ አሳረፍኩ።

ምን እንዳየሁ ልንገርሽ? ወተት። የላሚቱን እንገር የመሰለ ወተት፣ ሌላ ምንም። ግን ያን ጠመንጃ ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ፤ አፈ ሙዙ ኮሶዋን ካየ መነጽሩ ምን እንደሚያይ ለማወቅ ዓይን አያሻኝም። «ኮሶዋን አላይም» አልኩ። «ከሷ በስተቀኝ፣ ከፍ ብሎ ያለውን የጌጤን ጭድ ክምር ነው የማየው፤ መስቀሉ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሏል።» አያ ይሻው ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። «ልክ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ነው የደበቅሁትን ሁሉ የተናገርኩት። ለአንቺም አሁን ልናገር። በግምጃ ቤት ሳለሁ መነጽር የገጠምኩለት አንድ አልሞ ተኳሽ ነበረ፤ ከግዳጅ ሲመለስ፣ «ሰውዬው ቆሎ እየቆረጠመ ነበር፤ ጉንጩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እህል ሲቆረጠም በሰማሁ ቁጥር ያ ሰው ይመጣብኛል። ሠራዊቱ ሲበተን ይህን መነጽር ይዤ መጣሁ፤ እንዳልጥለው ሙያዬ ነው፣ እንዳልተወው ሰው ይገድላል። ስለዚህ ከፊተኛው ቀለበት ሥር ቆርቆሮ አግብቼ አጣመምኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተዋሰው ሁሉ ስቶ እየተመለሰ፣ ጠመንጃው ዛር አለበት ሲል ዝም ብዬ ስቄያለሁ። «ሠሪው ማን ነው ብላችሁ ጠየቃችሁኝ» አልኳቸው። «መስታወቱን የሠራው ጀርመን ነው። ጥመቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጥመቱን የሚያውቅ ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ጭኑን እንጂ ደረቱን ያልመታሁትም ስለማውቀው ነው። ቆርቆሮ የገባበት ቀለበት ደግሞ ሲተኮስ ይላላል፤ ለዚህ ነው ሸንተረሩ ላይ የወደቀው።»

ያቺ ቁራጭ ዋልልኝን አዳነች፤ ያቺው ቁራጭ መነጽሩን ጥላ አጋለጠች። እጄ በአንድ ሥራ ሁለት ነገር ሠራች፤ አንዱንም አላሰበችው።

ማሩ ግን አልጨረሰም። ያለውን ሰው ሁሉ በሰልፍ ወደ መነጽሩ አስጠጋ፤ የሚያየው የትኛውን ዓይናቸውን እንደሚጨፍኑ ነው። ወንዱም ሴቱም፣ ጌጤም፣ ቄሱም ሁሉም ግራቸውን ጨፈኑ። በግራ ያየሁ እኔ ብቻ ሆንኩ። ዋልልኝም በቃሬዛ ላይ ሆኖ ልይ አለ። አፈ ሙዙ ኮሶዋ ላይ፣ መስቀሉ ክምሩ ላይ መሆኑን አየ። ከዚያ እጁን ከተፋሻው ጭኑ አንሥቶ፣ ወደ ላይና ወደ ግራ እያሻገረ፣ ቀስ ብሎ ደረቱ ላይ አኖረው። እሱም ለካ፣ ልጄ።

ጠመንጃውን ሽማግሌዎቹ ወሰዱት፤ መዝጊያውን ሰባብረው ዕቃ ቤት ጣሉት። በእኔ ላይም፣ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቅ ተብሎ ተፈረደ። ትናንት ረቡዕ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ፣ ዘውዱ ክንዴን ይዞኝ፣ ዋልልኝ ደጅ ሄድኩ። ዘውዱ ትንሽ ድንጋይ መርጦልኝ ነበር፤ «ይህ የወፍጮ መጅ ነው፣ ዋልልኝ ሊፈጭብኝ ነው?» ብዬ ትልቁን አነሣሁ። መንገዱ ላይ ቆጨኝ።

ዋልልኝ በምርኩዝ ወጣ። ደንቡ ሽማግሌዎች ናቸው ድንጋዩን የሚያወርዱት፤ እሱ ግን ራሱ ጎንበስ ብሎ አወረደልኝ። ሲያወርደው አፉ ጆሮዬ አጠገብ ደረሰ። «አባባ፣ አንቱ አይደሉም» አለኝ። «ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ለለቅሶ ስመጣ ውኃ ሰጥቶኛል። ስሙን ከእኔ አይሰሙትም። የፋሲካን ግን ይቅር ይበሉኝ።» ልበለው፣ አልበለው፣ አላውቅም ነበር። አፌ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አለ። ልቤ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ እየጠበቅሁት ነው። አንቺም ጠብቂው፤ እንደ እኔ ጉልበት ቀስ ብሎ ይመጣ ይሆናል።

እንግዲህ አለቀ ብዬ ስመለስ ማሩ ከበሩ ተከተለኝ። በጣም ትሑት ሆኖ፣ «አባባ፣ ለገና ባሕር ዳር እወርዳለሁ፤ ልብስ ላሰፋ። የልጅ ልጅዎ ልብስ ሰፊ አይደለች? ሰፈሯ የት ነው?» አለኝ። አላውቀውም አልኩ። «ግድ የለም፣ ጠይቄ አገኘዋለሁ» አለ። ቀጥሎ ፈገግ አለ፤ ያን የተቆጠበ ጥርሱን በሙሉ አሳየኝ። «መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ማየት ደስ ይለኛል።»

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያ ነው።

ወደ ይፋግ አክስትሽ ዘንድ ሂጂ ልልሽ ነበር፤ ከጠፋሽ ግን መጥፋትሽ ስም ይሆንብሻል። ስለዚህ እዚያው ቆዪ፣ ሱቅሽን ክፈቺ፣ ሲመጣም ደህና ልብስ ስፊለት። ቀን አለሽ፤ እስከ ገና አሥራ አንድ ቀን። እኔ ሽማግሌው በአንድ ሌሊት የሞተ ዓይን ማዘዝ ተምሬያለሁ፣ አንቺ ደህናውን ዓይን ማዘዝ አያቅትሽም። ክር ስታስገቢ፣ ስልክሽን ስታዪ፣ በቁልፍ ቀዳዳ ስታሾልቂ፣ ልማድ ነውና፣ ግራሽን ጨፍኚ። ጠመንጃውን ከማስረከቤ በፊት ቆዳውን ከመነጽሩ ላይ በጥርሴ በጥሼ በበሶው ከረጢት ሥር አድርጌልሻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር እሳት ውስጥ ክተቺው። ከመክተትሽ በፊት ግን ይህን ደብዳቤ ግራ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ በቀኝሽ ብቻ፣ እንደገና ከ«ለቤቴ ዓይን» ጀምሪና አንብቢው። ፊደሉ ቢደባለቅብሽ አትበሳጪ፤ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሚው።

የፋሲካን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። አንቺን ከሚያይሽ ዓይን ይሰውርሽ። እጅሽ ከመርፌና ከክር በቀር ሌላ ብረት አይንካ። እንባሽ ሲመጣ አትከልክይው፤ በሁለቱም ዓይንሽ አልቅሺ፣ እሱን ማንም አይቆጥረውም። ልጅሽን ታቅፈሽ ደጄ ቆመሽ ሳልሞት እንድሰድብሽ ያብቃኝ። አሜን።

በግራ ዓይኑ የሚያየው
አያትሽ